የኮምፒዩተርን እጅ በገበያ ውስጥ ስለ መለየት

በምሥራቁ አገራችን የከብት ገበያ ቆሞ ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ደላሎች ዋጋ የሚነጋገሩት በጨርቅ ሥር ጣት ለጣት ተያይዘው ነው። ዋጋው ይሸሸጋል፤ ፊቱ ግን ይታያል። ገዥው ቸኩሎ እንደሆነና እንዳልሆነ ተመልካቹ ከፊቱ ያነባል። በዘመናዊው የአክሲዮንና የሸቀጥ ገበያ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ዋጋው ለሁሉ ተገልጦ ሳለ ፊት የሚባል ነገር የለም። እንዲያውም ከትእዛዙ በስተጀርባ ሰው ላይኖር ይችላል። ታዲያ ሰው ያልሆነውን ገበያተኛ በምን እንለየዋለን?

«ይህ ለድሬዳዋ ተማሪ ምኑ ነው?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። የሐረር ቡና የምርት ገበያው መጋዘን ወደሚገኝባት ወደዚህችው ከተማ ተጭኖ ይመጣል። የዓለም የዓረቢካ ቡና ዋጋ መነሻ ግን የሚወጣው በኒው ዮርክ ከሚደረገው ውል ነው፤ አንዱ ውል 37,500 ፓውንድ ቡና ይይዛል። በዚያ በጩኸትና በእጅ ምልክት ይካሄድ የነበረው የዚህ ውል ግብይት እ.ኤ.አ. በ2008 ቀርቶ ሁሉም በኮምፒዩተር ሆኗል። ስለሆነም በሰሌዳው ላይ የታየው «ልግዛ» ባይ የምሩን ይሁን አይሁን፣ በዚያ ዋጋ ተመርቶ ለሚዋዋል ላኪ የኪስ ጉዳይ ነው።

አስቀድመን በክርክር ላይ ደጋግመን የሰማነውን አንድ ስሕተት እናርም። በኮምፒዩተር መገበያየትና ኮምፒዩተሩ ራሱ በተሰጠው ቀመር፣ ማለት በአልጎሪዝም፣ ወስኖ መገበያየቱ አንድ አይደሉም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲጀመር ገዥና ሻጭ በአዳራሽ እየተጯጯኹ፣ እጅ ለእጅ እየተመታቱ ይስማሙ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የኤሌክትሮኒክ ግብይት ገባ። ጩኸቱ በቁልፍ ተተካ ማለት ግን ውሳኔው ከሰው እጅ ወጣ ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ምልክቶቹ እንሂድ። ሁሉም ሰው በመጀመሪያ የሚጠቅሰው ፍጥነትን ነው። የሰው ዐይን አይቶ እጁ እስኪንቀሳቀስ የሰከንድ አምስተኛ ወይም አራተኛ ያህል ይፈጃል። ዋጋ በተለወጠ ቁጥር በ2 ሚሊሰከንድ ውስጥ መልስ የሚሰጥ ገበያተኛ እንግዲህ ሰው አይደለም። ተቃራኒው ግን አይሠራም፤ ኮምፒዩተር እንዲዘገይ ሊታዘዝ ይችላልና መዘግየት ሰው መሆንን አያስረዳም።

ከፍጥነት ይልቅ የሚያጋልጠው ልማድ ነው። ለምሳሌ በአንድ ሰዓት ውስጥ 600 ትእዛዞች መጡ እንበል። በደቂቃው ውስጥ እኩል ቢበተኑ ከ0 እስከ 59 ባለው በእያንዳንዱ የሰከንድ ቁጥር ላይ በአማካይ 10 ይወድቃሉ። በዜሮው ሰከንድ ላይ 150 ብናገኝ አንድ ሰው ሰዓት ሞልቶ ሄዷል ማለት ነው። መጠኑንም ማየት ነው፤ ሰው 10፣ 50፣ 100 ማለት ይወዳል፤ ትልቁን ትእዛዝ የሚከታትፍ ቀመር ግን 7 ወይም 13 ሲል አያፍርም።

ስለ ልማድ ከተነሣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 6 ቀን 2010 በአሜሪካ የሆነውን ማጥናት ይጠቅማል። ያን ዕለት የዳው ጆንስ መለኪያ በጠቅላላው ወደ 1,000 ነጥብ ገደማ ወርዶ፣ አብዛኛውን ወዲያው መለሰ። የመንግሥት መርማሪዎች እንደ ደረሱበት፣ አንድ ትልቅ ሻጭ 75,000 ውሎችን የሚሸጥ ቀመር አሠማርቶ ነበር። ቀመሩ የታዘዘው ባለፈው ደቂቃ ከተገበያየው 9 በመቶውን ያህል እንዲሸጥ ብቻ ነው፤ ዋጋንም ጊዜንም እንዲያይ አልታዘዘም። ገበያው በተረበሸ ቁጥር ግብይቱ ይበዛል፤ ግብይቱ ሲበዛ ቀመሩ አብዝቶ ይሸጣል! ዐይን ያለው ነጋዴ ቢሆን ቆም ብሎ ይጠይቅ ነበር። እንግዲህ የአንድ ሻጭ ድርሻ ከጠቅላላው ግብይት ጋር ሳይናወጥ እኩል ሲሄድ ብናይ፣ የቀመር ዱካ ነው።

በዚያው ዕለት ናቪንደር ሳራኦ የተባለ የለንደን ነጋዴ፣ ሊፈጽማቸው ያላሰባቸውን ትልልቅ የመሸጫ ትእዛዞች በቀመር እየደረደረና እየሰረዘ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ጥፋቱን አምኗል። መሰረዝ ብቻውን ግን ወንጀል አይደለም፤ ዋጋ በተለወጠ ቁጥር ሐቀኛውም ይሰርዛል። መመርመር ያለበት፣ በአንድ ወገን የተቆለለው ሲሰረዝ ያው ሰው በሌላው ወገን ገዝቶ ወይም ሸጦ መገኘቱ ነው።

መለማመድ ለሚሻ፣ ሎብስተር የተባለው መዝገብ እ.ኤ.አ. የሰኔ 21 ቀን 2012ን የአፕልና የአማዞን አክሲዮኖች ትእዛዝ በናሙናነት በነጻ ይሰጣል። የጊዜው ዐምድ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ በሰከንድ ይቆጥራል፤ 34,200 ማለት የኒው ዮርክ ገበያ የሚከፈትበት፣ በእኛ አነጋገር ጧት 3 ሰዓት ተኩል ነው። በዓይነቱ ዐምድ 1 አዲስ ትእዛዝ፣ 3 ስረዛ፣ 4 የተፈጸመ ግብይት ነው። የነጋዴ ስም አይገኝበትም፤ ስለዚህ ሰዓትና መጠኑን እንመረምራለን እንጂ የሳራኦን ዓይነት ክስ ልናቀርብበት አንችልም። እኛ የጀመርነው ከአፕል ነው። መክፈቻውን ትቶ ከእኩለ ቀን አሥር ደቂቃ መርጦ መጀመር ይሻላል፤ መክፈቻ ላይ ሰውም ኮምፒዩተርም ይሯሯጣል።