ምዕራፍ 4፦ ልጅ በዕድሉ ያድጋል?

ስለ ወሊድ መቀነስ ሲወራ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያነሳው ክኒኑን፣ መርፌውንና ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን ነው፤ መከላከያ መጣ፣ ወሊድ ቀነሰ። እኔ ግን መከላከያው መሣሪያ ነው፣ መሣሪያውን የሚያስነሳው ምክንያት ሌላ ቦታ ነው ባይ ነኝ፤ በጋብቻ ዕድሜ፣ በትምህርት፣ በቤት ኪራይና ልጅ ለወላጁ በሚያስገኘውና በሚያስወጣው። የኢትዮጵያን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች እንመልከት (ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ2000 ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶች ከመቶ 6 ነበሩ፤ በ2016 35 ደረሱ። ተጠቃሚው ወደ ስድስት እጥፍ ሲጠጋ፣ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው አማካይ ግን የወረደው ከ5.5 ወደ 4.6 ነው። አንድ ልጅ እንኳ አልሞላም። መከላከያ ለማራራቅም ያገለግላልና አራርቃ ስድስት የምትወልድም አለች።

ይበልጥ የሚገርመው የአዲስ አበባ ነገር ነው። በ2000 የከተማዋ አማካይ 1.9 ነበር፣ ትውልድ ራሱን ለመተካት ከሚያስፈልገው 2.1 በታች። በ2005 ጭራሽ 1.4 ሆነ፤ ከብዙ የአውሮፓ አገሮች ጋር የሚተካከል ቁጥር። ወሊድ የሚቀንሰው አገር ከበለጸገ በኋላ ነው ለሚለው የተለመደ ትምህርት ይህ አይመችም። ጉዳዩን ያጠኑ ባለሙያዎች ትልቁን ድርሻ የሰጡት ለጋብቻ መዘግየት ነው። ሥራ የሌለው ወጣት ሽማግሌ አይልክም፤ ቢልክም «የት ልታኖራት ነው?» የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል። ያለ ጋብቻ መውለድ በሚያስነውርበት ማኅበረሰብ ደግሞ ሠርጉ በዘገየ ቁጥር ልጁም ይዘገያል፤ ያመለጡት ዓመታት ሁሉ ኋላ አይካካሱም።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊሞግተኝ ይችላል፦ የኑሮ ውድነት ልጅ የሚያስቀንስ ከሆነ ድሃው ለምን አብዝቶ ይወልዳል? ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2016 ከድሃ ድሃ በሆኑት ቤተሰቦች አማካዩ 6.4፣ በሀብታሞቹ 2.6 ነበር። የገጠር ድህነትና የከተማ ድህነት ግን ልጅን የሚተምኑት በየራሳቸው መንገድ ነው። በገጠር ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ከብት ይጠብቃል፣ ውሃ ይቀዳል፤ ጡረታ ለሌለው ገበሬ ጧሪ ቀባሪው እሱ ነው። ደግሞም በ2000 ጥናት መሠረት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በዚያ ዘመን ሁለት ወልዶ «በቃኝ» ማለት ድፍረት ነው። በ2016 ሞቱ ወደ 67 ወርዷል፤ ወላጅ ግን ያየውን ቀብር ቶሎ አይረሳም። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ሲባል እንግዲህ የራሱ ሒሳብ ነበረው። ከተማ ውስጥ ያው ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ዩኒፎርምና ሞግዚት ነው፤ ልጅ ያለውን ተከራይ አልፈልግም የሚል አከራይም አለ። የተማረች እናት በበኩሏ ቤት ስትውል የሚቀርባትን ደመወዝ ታሰላለች፣ ሌሎች በሚዳሩበት ዕድሜም ክፍል ውስጥ ነበረች። በ2016 ያልተማሩት 5.7፣ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የተማሩት 1.9 መውለዳቸው አያስደንቅም።

ታዲያ መከላከያው ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በ2016ቱ ጥናት መሠረት ሴቶች የፈለጉትን ብቻ ቢወልዱ አማካዩ 3.6 ይሆን ነበር። ያች አንድ ትርፍ ልጅ የመከላከያው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የባልየው ጉዳይ ናት። ከ3.6 በታች ለመውረድ ግን ፍላጎቱ ራሱ መለወጥ አለበት፤ ፍላጎትን ደግሞ መርፌ አይለውጠውም። የ1993ቱ የሕዝብ ፖሊሲ በ2015 አማካዩን ወደ 4 ለማድረስ ሲያልም የሴቶችን ትምህርትና የጋብቻ ዕድሜንም አንስቶ ነበር። በ2016 አዲስ አበባ 1.8፣ ሶማሌ ክልል 7.2 ላይ ነበሩ፤ ለሁለቱም «ቤተሰባችሁን መጥኑ» የሚለውን አንድ መፈክር መለጠፍ ለአንዷ የትላንት ወሬ፣ ለሌላው የሰው አገር ምክር ነው።