የኔትወርክ ሠርተፊኬት ሒሳብ፤ ኮርስ መግባት ወይስ በግል ማጥናት?

ቡናው ተለቅሞ፣ ደርቆና ተፈልፍሎ ከመጋዘን ሲወጣ በሚዛን አማንና በቴፒ ነጋዴዎች ቤት ገንዘቡን ምን ላይ እናውለው የሚል ምክክር ይጀመራል። አንዱ መኪና ያስባል፣ ሌላው ቦታ፣ ሦስተኛው መፈልፈያ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዚህ ምክክር ላይ አንድ አዲስ ጥያቄ ታክሏል። የመጋዘኑን ሒሳብ የሚይዘው የወንድም ልጅ ብቅ ይልና፣ «ጋሼ፣ አዲስ አበባ ሄጄ ኔትወርክ ልማር፤ ሠርተፊኬት ይዤ ልምጣ» ይላል። አጎት «ስንት ይፈጃል?» ሲሉ ልጁ የኮርሱን ክፍያ ብቻ ይነግራቸዋል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ቡና የሚገዛ ሰው የሚያሰላው የቀይ ቡናውን ዋጋ ብቻ አይደለም። የለቃሚውን፣ የጆንያውን፣ የመኪናውን፣ የመጋዘኑን፣ የሚጎድለውን ኪሎና የባንኩን ወለድ ደምሮ ነው ፈረሱላው ስንት እንደ ፈጀበት የሚያውቀው። የትምህርትም ሒሳብ ከዚህ አይለይም። ልዩነቱ ለቡና ይህን ሁሉ የሚያሰላው ነጋዴ ለልጁ ትምህርት ሲሆን ሳያሰላ ገንዘቡን መክፈሉ ነው።

ሠርተፊኬት የሚባለው የትኛው ነው?

ከሒሳቡ በፊት የሚገዛው ዕቃ ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት። በገበያው ላይ «የኔትወርክ ሠርተፊኬት» ተብለው የሚጠሩ ሦስት የተለያዩ ወረቀቶች አሉ። የመጀመሪያው ማሠልጠኛ ተቋሙ ራሱ አትሞ የሚሰጠው ነው፤ ልጁ ተመዝግቦ መማሩን ከመግለጽ አያልፍም። ሁለተኛው የሲስኮ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 በጀመረውና ኔትወርኪንግ አካዳሚ በሚባለው የሥልጠና መርሐ ግብር ሥር ትምህርቱን ለጨረሰ የሚሰጥ የማጠናቀቂያ ወረቀት ነው። ሦስተኛው እውነተኛው ሲሲኤንኤ ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረ ሲሆን፣ የሚገኘው ኮርስ በመጨረስ ሳይሆን ፒርሰን ቪዩ በሚባለው ድርጅት በኩል የሚሰጠውን ፈተና በማለፍ ብቻ ነው።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እነዚህ ሦስቱ ስለሚደባለቁ ነው። ኮርሱን ጨርሶ ፈተናውን ያልወሰደ ልጅ «ሲሲኤንኤ አለኝ» ብሎ ማመልከቻ ይጽፋል። የሚዋሽ አይመስለውም፤ ቀጣሪው ግን የማረጋገጫውን ቁጥር ሲጠይቀው መልስ ያጣል። እውነተኛው ሠርተፊኬት በኢንተርኔት የሚመሳከር ቁጥር አለው። ስለዚህ ባለ ገንዘቡ ከመክፈሉ በፊት ለማሠልጠኛው ሊያቀርበው የሚገባ ጥያቄ ቀላል ነው፤ «ክፍያው የፈተናውን ዋጋ ይጨምራል ወይስ አይጨምርም?» የሚል።

እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2020 ጀምሮ የተሰጠው የሲሲኤንኤ ፈተና መለያ ቁጥሩ 200-301 ነው። የሚፈጀው 120 ደቂቃ ነው። ከይዘቱ ትልቁን ድርሻ፣ 25 በመቶውን፣ የያዘው መልእክት ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው መንገዱን ይዞ የሚሄድበት አሠራር ሲሆን፣ መሠረታዊው ክፍልና የስዊች ሥራ እያንዳንዳቸው 20 በመቶ ይይዛሉ። ሴኪዩሪቲ 15 በመቶ ነው። የቀረው 20 በመቶ ለኔትወርክ አገልግሎቶችና ሥራውን በፕሮግራም ለማካሄድ እኩል ይከፈላል። በአሮጌ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ከ2020 በፊት ለነበሩት ፈተናዎች የተዘጋጁ ወፋፍራም ጥራዞች በርካሽ ይገኛሉ። ሽፋኑ ላይ ያለውን ቁጥር ሳያዩ እነርሱን መግዛት ያለፈ ዓመት የሎተሪ ዕጣ እንደ መግዛት ነው።

ዶላሩ የሚመጣው በፈተናው በኩል ነው

የኮርስ ክፍያ በብር ነው፤ ፈተናው ግን 300 የአሜሪካ ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር ፈተናው 17,000 ብር አካባቢ ይፈጅ ነበር። ዶላሩ 100 ብር ሲሆን ያው ፈተና 30,000 ብር፣ 150 ብር ሲሆን 45,000 ብር ይሆናል። ፈተናው አልከበደም፣ ሰዓቱም አልረዘመም፤ የብሩ አቅም ነው የተለወጠው። ክፍያው በዓለም አቀፍ ካርድ የሚፈጸም በመሆኑ ካርድ የሌለው ሰው በደላላ በኩል የፈተና ኩፖን ይገዛል። ደላላው በየትኛው ተመን እንደሚያስበው ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር አያሻም።

ፈተናውን የወደቀ ሰው 5 ቀን ጠብቆ እንደገና ሊቀመጥ ይችላል፤ ግን ሙሉውን ዋጋ እንደገና ይከፍላል። ሠርተፊኬቱም ለዘለዓለም አይደለም፤ በየ3 ዓመቱ በፈተና ወይም በተከታታይ ትምህርት ነጥብ መታደስ አለበት።

ሒሳቡ ሲሠራ

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ ናቸው። አንባቢ የራሱን ዋጋ አስገብቶ ሊያሰላ ይችላል።

ልጁ በወር 8,000 ብር የሚያገኝበትን ሥራ ትቶ ለ4 ወር አዲስ አበባ ይሄዳል እንበል። የኮርሱ ክፍያ 25,000 ብር ይሁን። ቤት ኪራይና ምግብ በወር 12,000 ቢሆን በ4 ወር 48,000 ብር ነው። መጓጓዣ 5,000 ብር ይጨመር። ሥራውን በመተዉ የቀረበት ደመወዝ 32,000 ብር ነው። ፈተናው ዶላሩ በ150 ብር ታስቦ 45,000 ብር። ድምሩ 155,000 ብር ይሆናል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ልጁ «ዋጋው ይኸው ነው» ብሎ የነገራቸው 25,000 ብር ከጠቅላላው አንድ ስድስተኛ እንኳ የማይሞላ መሆኑ ነው። ውድ የሆነው ኮርሱ ሳይሆን ከሚዛን እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድና እዚያ የሚኖርበት ጊዜ ነው።

አሁን ደግሞ እዚሁ ሆኖ፣ ሥራውንም ሳይለቅ፣ ለ8 ወር በግሉ ያጠናል እንበል። ለኢንተርኔት በወር 1,500 ብር ቢወጣ 12,000 ብር ነው። ፈተናው 45,000፣ ለፈተናው ወደ አዲስ አበባ ደርሶ መልስና ማደሪያ 10,000 ብር። ድምሩ 67,000 ብር። አንድ ጊዜ ወድቆ እንደገና ቢሄድ 122,000 ብር ይደርሳል፤ አሁንም ከኮርሱ ያነሰ ነው። ሁለት ጊዜ ወድቆ ለሦስተኛ ጊዜ ቢቀመጥ ግን 177,000 ብር ይሆንና ትርፉ ወደ ኪሳራ ይዞራል።

በዚህ ብቻ ፍርድ መስጠት ግን የጊዜን ዋጋ መርሳት ነው። ሠርተፊኬቱ የልጁን ገቢ በወር 6,000 ብር ይጨምራል ቢባል፣ በግል ያጠናው ልጅ 4 ወር በመዘግየቱ 24,000 ብር ቀርቶበታል። ይህ ሲታከል የግል ጥናቱ 91,000 ብር፣ አንድ ጊዜ ከወደቀ ደግሞ 146,000 ብር ይሆናል። ልዩነቱ ጠበበ ማለት ነው። በእርግጥ ኮርስ የገባም ይወድቃል፤ ማሠልጠኛው የሚያስተምረው እንጂ ልጁን ተክቶ የሚፈተነው አይደለም።

ይህ ስሌት አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ይገለበጣል። ሥራውን ሳይለቅ በማታው ክፍለ ጊዜ መማር የሚችል ሰው የኮርሱ ወጪ 25,000 ብርና ጥቂት የታክሲ ገንዘብ ነው፤ መካሪና መሣሪያ ስለሚያገኝበት ኮርሱ ሳያዋጣው አይቀርም። ስለዚህ የመርካቶ ነጋዴ «ልጄን አስተምሬ ተጠቀምኩ» ቢል የሚዛኑ ነጋዴ ያንኑ ምክር እንዳለ መቀበል የለበትም።

እዚሁ ሆኖ ማጥናት ይቻላል ወይ?

ትምህርቱ ራሱ በገንዘብ አይገኝም የሚባልበት ጊዜ አልፏል። ሲስኮ ፓኬት ትሬሰር የተባለውን መለማመጃ ሶፍትዌር በአካዳሚው በኩል በነፃ ይሰጣል። ስዊችና ራውተር ሳይገዙ በላፕቶፕ ላይ ኔትወርክ ዘርግቶ፣ ገመድ ነቅሎ፣ አበላሽቶ መጠገን ይቻላል። ሙሉውን የሲሲኤንኤ ትምህርት የሚያስተምሩ ነፃ የዩቲዩብ ተከታታዮችም አሉ። ኢንተርኔት ደህና በሚሠራበት ሰዓት አውርዶ፣ በሌለበት ሰዓት ማየት ነው። በቀን 2 ሰዓት ለ6 ወር ያጠና ሰው 360 ሰዓት አጠና ማለት ነው፤ ይህ ብዙ ኮርሶች ከሚሰጡት ሰዓት አያንስም።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። መብራቱ ይጠፋል። ዝናቡ ብዙ በሆነበት በዚህ አገር መብረቅ መሣሪያ ያቃጥላል። ከሁሉም በላይ የቡና ሰሞን ሲደርስ መጋዘን ላይ የሚያመሽ ልጅ መጽሐፍ አይገልጥም። በግል ማጥናት የጀመሩ ብዙዎች የሚያቆሙት ትምህርቱ ከብዷቸው ሳይሆን ሁለት ወር አቋርጠው ሲመለሱ የነበሩበት ስለሚጠፋባቸው ነው። ኮርስ ከሚሸጣቸው ነገሮች አንዱ፣ ምናልባትም ዋናው፣ ይህ የጊዜ ግዴታ ነው።

ፈተናውን ከቤት ሆኖ በካሜራ ቁጥጥር መፈተን ይፈቀዳል። ሆኖም መስመር ወይም መብራት ቢቋረጥ ፈተናውም ሊቋረጥ ይችላል። 45,000 ብር በአንድ የመብራት መጥፋት ላይ ማስያዝ ለሚዛንም ሆነ ለቴፒ ሰው አይመከርም።

ሁለቱን ያጣመረ መንገድም አለ። ለ5 ወር እዚሁ አጥንቶ (7,500 ብር)፣ ለአንድ ወር ብቻ አዲስ አበባ ሄዶ በእውነተኛ መሣሪያ ላይ መለማመድና በዚያው ጉዞ መፈተን ነው። የልምምዱ ክፍያ 8,000፣ ኑሮው 12,000፣ መጓጓዣው 5,000፣ የአንድ ወር ደመወዝ 8,000፣ ፈተናው 45,000 ቢሆን ድምሩ 85,500 ብር ነው። ከኮርሱ በ2 ወር ስለሚዘገይ 12,000 ብር ቢጨመርበት 97,500 ይሆናል። ከንጹሕ የግል ጥናት ጥቂት ይበልጣል፤ የመውደቅ አደጋውን ግን ይቀንሳል። ለደቡብ ምዕራቡ ሰው የተሻለው ይህ ይመስላል።

ወረቀቱን ማን ይገዛዋል?

የቡና ነጋዴ ገዢ ሳያይ ቡና አያከማችም። በሚዛን አማን የኔትወርክ ባለሙያ የሚቀጥር ማን ነው? በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው፤ ራሱም ተማሪዎችን ያስመርቃል። ባንኮች ቅርንጫፎቻቸውን ከፍተዋል፤ የኔትወርክ ሥራቸው ግን በአብዛኛው ከአዲስ አበባ የሚመራ ነው። የቀረው የሆቴልና የፔንሲዮን ዋይፋይ፣ የክሊኒክና የትምህርት ቤት ኮምፒዩተሮች፣ የመጋዘን ካሜራ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ የሚተገበርበት ቀን ተደጋግሞ ቢገፋም፣ ቡናው ከየትኛው ማሳ እንደመጣ በመረጃ እንዲያዝ ስለሚጠይቅ በአቅራቢዎችና በላኪዎች ዘንድ የኮምፒዩተር ሥራ እየበዛ መሄዱ አይቀርም።

ይህ ሁሉ ሥራ ችሎታ እንጂ ሲሲኤንኤ አይጠይቅም። ስለዚህ ነጋዴው የሚፈልገው የገዛ መጋዘኑን የሚዘረጋለት ሰው ከሆነ የፈተናውን 300 ዶላር ትቶ ልጁ በነፃው ትምህርት እንዲማርና ጥቂት መሣሪያ እንዲገዛለት ማድረግ ይበቃዋል። ልጁ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ለመቀጠር ካሰበ ግን ወረቀቱ ያስፈልገዋል። ያኔም የሲስኮ ብቻ መሆን የለበትም። የኢትዮ ቴሌኮምን ኔትወርክ በዋናነት የዘረጉት የቻይናዎቹ ዜድቲኢና ሁዋዌ በመሆናቸው፣ በቴሌኮሙ መስክ ለሚያስብ ልጅ የሁዋዌ ሠርተፊኬትም ዋጋ አለው። ሁዋዌ ከአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ስለሚሠራ ተማሪ የሆነ ሰው መጀመሪያ በግቢው መጠየቅ ይገባዋል።

ወረቀት ይዞ የመጣን ሰው መፈተን ደግሞ ለነጋዴ ከባድ አይደለም። የፈተና ጥያቄዎችን በስርቆት አግኝቶ በቃል የሸመደደ ሰው ሠርተፊኬት ሊይዝ ይችላል፤ ገመድ ፊት ሲቀርብ ግን ይታወቃል። «የካሜራዎቹን መስመር ከሒሳብ ኮምፒዩተሮቹ ለይልኝ፤ እንግዳ ዋይፋይ ሲጠቀም ሒሳቤን እንዳያይ አድርግልኝ» ማለት ነው። የሚያውቅ ሰው በአንድ ስዊች ላይ ለያይቶ ያሳያል። «192.168.10.0/26 ላይ ስንት መሣሪያ ይገባል?» ቢባልም ብዙ ሳያስብ 62 ይላል።

አጎት ገንዘቡን የሚሰጡ ከሆነ በአንድ ጊዜ ባይሰጡ ይመረጣል። የጥናቱን ወጪ በየወሩ፣ የፈተናውን ደግሞ ልጁ በመለማመጃ ፈተናዎች ደጋግሞ ጥሩ ውጤት ሲያመጣ ብቻ መክፈል ይቻላል። ካለፈ በኋላ ለስንት ጊዜ መጋዘኑን እንደሚያገለግልም ቀድሞ በጽሑፍ ቢሰፍር ከዘመድ ጋር ከመቀያየም ያድናል።

ጊዜውም ከቡናው ጋር መስማማት አለበት። ቆላማው የበበቃና የቴፒ ቡና ቀድሞ ስለሚደርስ ልጁ ከመስከረም በፊት መመለስ ይኖርበታል። በየካቲት ጥናቱን የጀመረ ሰው እስከ ሰኔ መጨረሻ 5 ወር ያገኛል፤ ሐምሌን አዲስ አበባ ተለማምዶ በወሩ መጨረሻ ይፈተናል። ቢወድቅ ለሁለተኛው ፈተና ነሐሴ ይተርፈዋል።