ዋና የማይችል ሰው በሐይቅ ዳር

ባለፈው ዓመት የሴሚስተሩ ፈተና ባለቀ በማግሥቱ ዐሥራ አራት ሆነን ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ወጣን። ማዕከሉ ዩኒቨርሲቲያችንና የከተማው አስተዳደር በአንድነት ያቋቋሙት 705 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው ኮረብታማ ደን ስለሆነ፣ ለተማሪ ኪስም ለተማሪ ወሬም የሚመች ሥፍራ ነው። ከጥላ ሥር ተቀምጠን የምንመክረው ስለ ዕረፍት ጉዞ ነበር። ቢሾፍቱ ይሻላል ወይስ ላንጋኖ? ብዙ ከተከራከርን በኋላ ላንጋኖ አሸነፈ። በዚህ ጊዜ ገንዘብ ያዣችን ደብተሯን ሳትዘጋ፣ «ዋና የማይችል ካለ አሁኑኑ እጁን ያውጣ» አለች። አንድም እጅ አልወጣም። እኛም ደስ ብሎን ቆሏችንን ተካፍለን ወረድን።

ላንጋኖ በደረስን በማግሥቱ፣ ከመካከላችን በቁመቱ የሚበልጠው ጓደኛችን ውኃው ከደረቱ እስኪደርስ ገባ። የላንጋኖ ውኃ ቡናማ ስለሆነ እግር የቆመበት አይታይም። አንድ እርምጃ ጨመረ፤ ውኃው አገጩን ነካው። ከዚያም ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ እጆቹን ወደ ጎን ዘርግቶ ዝም አለ። አልጮኸም፤ አልተጣራም። የሚያሾፍ መስሎን ሁለታችን ሳቅን። በዳር ጀልባውን ሲጠርግ የነበረ አንድ ሽማግሌ ግን «ልጆቼ፣ ምን ያስቃችኋል? ልጁ እኮ እየሄደ ነው!» ብሎ በገመድ የታሰረ ባዶ ጀሪካን ወረወረለት። ጓደኛችን ጀሪካኑን ታቅፎ ወጣ። ብዙ አሳለው፤ ነገር ግን ተረፈ።

ማታ እሳት ዙሪያ ተቀምጠን «ለምን አልነገርከንም?» ስንለው፣ «ሁላችሁም ዝም ስትሉ የማልችለው እኔ ብቻ መሰልኩኝ» አለን። ይህን ጊዜ ቈጠራ ተጀመረ። ከዐሥራ አራታችን ዋና የሚችሉት ሦስት ብቻ ሆነው ተገኙ። ዐሥራ አንዳችን እርስ በርሳችን ተፈራርተን ዋሽተን ነበር ማለት ነው።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ይኸው ነው። አሳባችንም በአጭሩ እንዲህ የሚል ነው፤ ዋና አለማወቅ ከውኃ ደስታ አያግድም፤ አለማወቅን መደበቅ ግን ሕይወት ያስከፍላል።

በመጀመሪያ፣ አለማወቃችን የሚያሳፍር ነገር አለመሆኑን እንመልከት። አብዛኞቻችን የደጋ ልጆች ነን። በጉለሌና በእንጦጦ ሸንተረር የሚወርዱት ጅረቶች በበጋ ቁርጭምጭሚት አይሸፍኑም፤ በክረምት ደግሞ ድንጋይ እያንከባለሉ ስለሚደነፉ እናቶቻችን እንዳንጠጋቸው ይከለክሉናል። በደጋ ውኃ የሚጠጣ፣ የሚታጠቡበት፣ የሚጠመቁበት ነው እንጂ የሚጫወቱበት አይደለም። ከዚህ ወጣ ያለ ልማድ ቢኖር በጎንደር ያለው ነው። ለጥምቀት በዓል የፋሲለደስ መዋኛ ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውኃ ይሞላና፣ ጥር 11 ቀን ከጸሎቱ በኋላ ወጣቶች እየዘለሉ ይገቡበታል። ይህም ቢሆን በዓመት አንድ ቀን ነው። በዓመት አንድ ቀን ደግሞ ዋና አይለመድም።

እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ሮቤል ኪሮስ ኢትዮጵያን ወክሎ 100 ሜትር ነጻ ዋና ሲዋኝ፣ በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሴኮንድ ከሁሉ በኋላ መግባቱ ይታወሳል። ዓለም ሳቀበት፤ እኛም አብረን ሳቅን። ነገር ግን ከሣቂዎቹ መካከል ስንቶቻችን ነን ያንን መቶ ሜትር እግራችን መሬት ሳይነካ የምንጨርሰው? ይህ ሳቅ ነው እንግዲህ በጉለሌው ጥላ ሥር እጃችንን ያሰረው።

ሁለተኛው ጉዳይ የውኃና የሰውነት ሕግ ነው። አርኪሜድስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት እንዳስረዳው፣ ውኃ በውስጡ የገባውን ነገር፣ ያ ነገር ከገፋው ውኃ ክብደት ጋር በሚተካከል ኃይል ወደ ላይ ያነሣዋል። የሰው ሰውነት ደግሞ ከውኃ ጋር ተቀራራቢ ክብደት ያለው ነው። ሳንባችን አየር ሲሞላ ብዙዎቻችን ከውኃ ጥቂት እንቀላለን፤ አየሩ ሲወጣ ጥቂት እንከብዳለን። ስለዚህ በመንሳፈፍና በመስመጥ መካከል ያለው ልዩነት በጣም ትንሽ ነው። ይህን ማወቅ ሁለት ነገር ያስተምራል።

አንደኛ፣ የፈራ ሰው እጁን ወደ ሰማይ ያነሣል፤ ራሱንም ከውኃ በላይ ለማውጣት ይታገላል። ራስ ብቻውን ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። ከውኃ በላይ የወጣው ሁሉ ውኃ የማያነሣው ሸክም ስለሚሆን የቀረውን ይዞ ይወርዳል። ጆሮን ውኃ ውስጥ አግብቶ፣ ፊትን ወደ ሰማይ አድርጎ፣ እጅን ዘርግቶ መተኛት ግን ያንሳፍፋል። ይህንንም ወገብ በማይደርስ ውኃ፣ ዋና የሚችል ጓደኛ ከጀርባችን እጁን አድርጎልን ደጋግመን ብንለማመደው ፍርሃታችን ግማሹ ይለቀናል። ሰውነታቸው ቀጭንና ጡንቻማ የሆኑት እግራቸው ወደ ታች ቢሄድ አይደንግጡ፤ የተፈጥሮ ነገር ነው።

ሁለተኛ፣ ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ የሚያስፈልገው እርዳታም ትንሽ ነው። ክዳኑ የተዘጋ ባለ 5 ሊትር ባዶ ጀሪካን ወደ 5 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ያነሣል። ይህም የአንድን ሰው ራስ ከውኃ በላይ ለማቆየት ይበቃል። ጓደኛችንን ያወጣው ይህ ሒሳብ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ የውኃ ምርጫ ነው። ሐይቅ ሁሉ አንድ አይደለም። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚገኙት የቢሾፍቱ ሐይቆች እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የከፈታቸው ጕድጓዶች ናቸው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር ይበልጣል፤ ባቦጋያም ከ60 ሜትር በላይ ነው። የጕድጓድ ግድግዳ ቀጥ ያለ ስለሆነ፣ ከዳር ሁለት ሦስት እርምጃ ያለፈ ሰው መቆሚያ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ዋና የማይችል ሰው በእነዚህ ሐይቆች የሚደሰተው በጀልባ ላይ ነው እንጂ በእግሩ ገብቶ አይደለም።

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በስምጥ ሸለቆ የሚገኘው ላንጋኖ አሸዋማና ቀስ እያለ የሚጠልቅ ዳርቻ ስላለው ለእኛ ይመቻል። ነገር ግን ታቹ አይታይም፤ ከሰዓት በኋላም ነፋስ ሲነሣ ማዕበል ይመጣል። ስለዚህ ጧት መግባት፣ በዱላ እየለኩ መሄድ፣ ከወገብ አለማለፍ ይበጃል። ደግሞም ፊትን ወደ ጥልቁ ሳይሆን ወደ ዳር መልሶ መጫወት ደግ ልማድ ነው።

በጣናና በሐዋሳ ደግሞ ሌላ ነገር ይታሰባል፤ ይኸውም ቢልሃርዝያ ነው። የበሽታው ትል የሚኖርባት ቀንድ አውጣ የምትወደው የረጋና ሣር ያለበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ነው። እንግዲህ ለዋና አልባው የሚመቸው ሥፍራ ለቀንድ አውጣዋም ይመቻታል ማለት ነው። የዚች ቀንድ አውጣ ጠላት በደጋችን የሚበቅለው እንዶድ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ያስተዋሉት ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ ነበሩ። ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ለዚህም ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። በእንዲህ ያለ ሐይቅ ሣር ባለበት ዳር አለመንቦጫረቅ፣ የነካን ከመሰለንም ሐኪም ዘንድ ሄዶ መመርመር ይገባል፤ በሽታው መድኃኒት አለው።

ታዲያ ዋና የማይችል ሰው ምን ያድርግ? ብዙ የሚሠራው አለ። በጣና በሞተር ጀልባ ወደ ገዳማቱ ደሴቶች መሄድ፣ በደንገል ታንኳ ዳር ዳሩን መቅዘፍ፣ በሐዋሳ በጀልባ ጉማሬ ከሩቅ ማየት፣ በላንጋኖ በፔዳል የምትሄደውን ጀልባ መንዳት፣ ወገብ በሚደርስ ውኃ ኳስ መጫወት ይችላል። ሁኔታው አንድ ብቻ ነው፤ ጀልባ ላይ ከመውጣቱ በፊት ላይፍ ጃኬት የሚባለውን የመንሳፈፊያ ሰደርያ ይልበስ፤ ማሰሪያውንም ሁሉ ይቆልፍ። በጀልባው ወለል የተጣለ ሰደርያ ውኃ ውስጥ የወደቀን ሰው አይከተልም። በአየር የተነፋ የልጆች መጫወቻና የመኪና ጎማ ላስቲክ ግን ነፋስ ወደ መሐል ስለሚወስዳቸው አይታመኑም። ቢራ የሚጠጣም ከውኃው ከወጣ በኋላ ይጠጣ።

ስለ ደንገል ካነሣን ዘንድ አንድ ታሪክ እንጨምር። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በልጅነቱ ሁለት ጊዜ ሊሰምጥ ደርሶ ስለነበረ ውኃን እጅግ ይፈራ ነበር። ይህ ሰው ግን እ.ኤ.አ. በ1947 ኮን ቲኪ በተባለ የእንጨት ታንኳ ሰላማዊ ውቅያኖስን በ101 ቀን አቋረጠ። እ.ኤ.አ. በ1969 ደግሞ አትላንቲክን ለመሻገር «ራ» የተባለች ታንኳ አሠራ፤ የተሠራችበትም ደንገል ከእኛው ከጣና የተወሰደ ነበር። ታንኳዋ ካሪቢያን ሳትደርስ ውኃ ጠግባ ብትዝም፣ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ተጕዛለች። ከዚህ የምንማረው ውኃን መፍራት ከውኃ እንደማያስቀር፣ ነገር ግን የሚፈራ ሰው ምን እንደሚያንሳፍፈው አስቀድሞ መምረጥ እንዳለበት ነው።

በመጨረሻም ዋና ለሚችሉትም ለማይችሉትም የሚሆን ቃል አለን። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰዎች ሰምጠው ሞተዋል፤ ከመቶ ዘጠና የሚበልጡትም እንደኛ ባሉ አገሮች ናቸው። ፍራንክ ፒያ የተባለው የኒውዮርክ የውኃ ዳር ጠባቂ እንዳጠናው፣ የሚሰምጥ ሰው መጮኽ አይችልም፤ አፉ ለትንፋሽ እንኳ አይበቃውም። እጁንም አያውለበልብም፤ በውኃው ላይ ይጫነዋል እንጂ። ከመስመጡ በፊት ያለው ጊዜም ከ20 እስከ 60 ሴኮንድ ብቻ ነው። አበው «እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ» ያሉት ለካስ እውነት ነው። እኛም ስንስቅ ጓደኛችን እየተወሰደ ነበር።

ስለዚህ ድንገት ዝም ያለውን ጠይቁት፤ ካልመለሰ እርዱት። ሲረዱትም ዘሎ መግባት አይገባም፤ የሚሰምጥ ሰው ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይወርዳልና። ከዳር ሆኖ ጀሪካን መወርወር፣ ዱላ ማቀበል፣ ነጠላ ወይም ጋቢ ጠምዝዞ ጫፉን መስደድ ይሻላል። የወጣው ሰው የማይተነፍስ ከሆነ፣ ዘቅዝቆ ማንጠልጠልና ሆዱን መጫን ጊዜ ማጥፋት ነው። በአፍ አየር መስጠት ይቀድማል፤ ከዚያ ደረቱን ደጋግሞ መጫን ይከተላል። ይህንንም የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በመጀመሪያ ርዳታ ትምህርቱ ስለሚያሠለጥን፣ ከየጉዞው ቡድን ሁለት ሰው እንኳ ቢማር እንዴት ደግ ነበር!

በዚህ ሴሚስተር መጨረሻ እንደገና ጉለሌ ተሰበሰብን። ያው ጥላ፣ ያው ቆሎ፣ ያው ገንዘብ ያዥ። «ዋና የማይችል እጁን ያውጣ» ስትል፣ ረጅሙ ጓደኛችን ከሁሉ ቀድሞ እጁን አነሣ። ቀጥሎ የኛም እጆች ተከታተሉ፤ ዐሥራ አንድ ሆኑ። ሦስቱ ዋናተኞች ተያይተው፣ «እንግዲያው እያንዳንዳችን ሦስት አራት ሰው እንጠብቃለን» አሉ። ገንዘብ ያዣችንም በደብተሯ ላይ ከዳቦና ከመኪና ኪራይ ዝርዝር በታች «ገመድ፣ ባዶ ጀሪካን» ብላ ጻፈች። እናንተም ስትሄዱ እንዲሁ ጻፉ።