የሞተር ጀልባን ሞተርና ማርሽ በደኅና ስለ መንዳትና ስለ ማቆም የተሰጠ ትምህርት

በጣና፣ በዝዋይ፣ በዓባያና በጫሞ ሐይቆች ዳር ለምትገኙ ሹማምንት፣ ባለንብረቶችና ባለጀልባዎች ሁሉ።

ዓሣ የምታመጣ፣ እህል የምታሻግር፣ መንገደኛንም ወደ ደሴት የምታደርስ ጀልባ ዛሬ በብዙ ስፍራ በመቅዘፊያ ሳይሆን በሞተር ትሄዳለች። ይህም ድካምን አቅልሎ ንግድን ስላሰፋ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ሞተሩን ከመግዛት ይልቅ አያያዙን ማወቅ ይበልጣል፤ በአንድ ነጂ እጅ የብዙ ሰው ነፍስ ተይዟልና።

በቅሎ ልጓሟ ሲሳብ ትቆማለች፤ አውቶሞቢልም ፍሬኑ ሲረገጥ ይቆማል። ጀልባ ግን ልጓምም ፍሬንም የላትም፤ የሚያቆማት ውሃው ራሱና የነጂው አስቀድሞ ማሰብ ነው። ስለዚህ የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር በሁለት ቃል ይጠቀለላል። አንደኛው፥ ነዳጁ ሳይቀነስ ማርሽ አይነካም። ሁለተኛው፥ ሰው በውሃ ውስጥ ሳለ በአጠገቡ ሞተር አይሠራም።

1ኛ፤ ስለ ማዘዣዎቹ።
ከጀልባ ኋላ የሚሰቀለው ሞተር ሦስት ዋና ማዘዣ አለው። ነዳጅ መስጫው የሞተሩን ኃይል ያበዛል፣ ያሳንሳልም። የማርሹ ዘንግ ሦስት ስፍራ አለው፤ ይኸውም ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ በመካከልም ሹፌሮች «ፍሪ» የሚሉት ባዶ ስፍራ ነው። ሦስተኛው ማጥፊያው ነው፤ ከእርሱም ጋር በነጂው እጅ ወይም መታጠቂያ ላይ የሚታሰር ገመድ አለ። ነጂው ቢወድቅ ገመዱ ተነቅሎ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። በአንዳንድ ጀልባ ማርሹና ነዳጅ መስጫው በአንድ ዘንግ ይታዘዛሉ፤ ሥርዓቱ ግን አንድ ነው።

ይህን ገመድ እንደ ትንሽ ነገር መቁጠር አይገባም። ነጂ የሌላት ጀልባ ነዳጅ እንደ ተሰጣት ብትቀር ቀጥ ብላ አትሄድም፤ ብዙ ጊዜ እየዞረች በወደቀው ሰው ላይ ትመለሳለች። በአሜሪካ አገር ከ26 ጫማ በታች በሆኑ የሞተር ጀልባዎች በፍጥነት የሚሄድ ነጂ ሁሉ ገመዱን እንዲያስር በ2021 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በሕግ የታዘዘው ስለዚህ ነው።

2ኛ፤ ስለ ማስነሣት።
ነዳጅ የሚቀዳው ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሰው ሁሉ ከጀልባዪቱ ወርዶ፣ እሳትና ሲጋራ ርቆ ነው። ተንቀሳቃሽ የሆነውን የነዳጅ ዕቃ ወደ ምድር አውርዶ መሙላት ይገባል፤ የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ በጀልባው ወለል ተኝቶ አንዲት ብልጭታ ይጠብቃልና። ከዚህ በኋላ ገመዱ ይታሰር፤ ማርሹ በባዶ ስፍራ መሆኑ ይታይ፤ ሰውም ሁሉ ይቀመጥ። ሞተሩ በማርሽ ውስጥ እንዳለ ቢነሣ ጀልባዪቱ በድንገት ትወረወራለች፤ የቆመውም ሰው ይወድቃል። ሞተሩ ሲነሣ የማቀዝቀዣው ውሃ በጎኑ መፍሰሱን ነጂው ይመልከት፤ ባይፈስ ቶሎ ያጥፋ።

3ኛ፤ ስለ ማርሽ።
በሞተሩ እግር ውስጥ የፊቱና የኋላው ጥርስ ሞተሩ እስከ ሠራ ድረስ ይዞራሉ፤ ዘንጉ ሲገፋ ከሁለቱ አንዱ ይያያዛል። እንግዲህ ሞተሩ በኃይል እየዞረ ማርሽ ቢገባ ጥርሱ ይሰበራል። ሞተሩ ዝግ ብሎ ሳለም ዘንጉን በማመንታት ቢገፉት ጥርሱ እየተፋጨ ያልቃል። ስለዚህ አስቀድሞ ነዳጁን እስከ መጨረሻው መቀነስ፣ ከዚያ ዘንጉን በአንድ ጊዜ በቁርጥ ማስገባት፣ ከዚያም ነዳጁን ቀስ በቀስ መጨመር ነው። ከፊት ወደ ኋላ ሲለወጥ በባዶው ስፍራ ቆም ብሎ የጀልባዪቱን ፍጥነት መብረድ መጠበቅ ግድ ነው።

4ኛ፤ ስለ መጠጋትና ስለ ማቆም።
ነዳጁ በድንገት ቢቆረጥ ጀልባዪቱ ያስነሣችው ማዕበል ከኋላ ደርሶ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ስለዚህ በጥቂት በጥቂቱ ይቀነስ። ወደ ወደቡ ሲቀርቡ ፊትን ወደ ነፋሱ አድርጎ፣ ከሩቅ ጀምሮ ማርሹን በባዶ ስፍራ አውሎ፣ በቀረው ግፊት መድረስ የብልህ ነጂ ሥራ ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ስለሆነ አየሩ ሳስቶ ሞተሩ በወረቀት የተጻፈለትን ኃይል ሁሉ አይሰጥም፤ እንግዲህ «የኋላው ማርሽ ያቆመኛል» ብሎ መመካት ከንቱ ነው።

ከረጅም መንገድ በኋላ ሞተሩ በባዶ ማርሽ ጥቂት ደቂቃ ዝግ ብሎ ይሥራና ይብረድ፤ ከዚያ ይጥፋ፤ ቁልፉና ገመዱ ይነቀሉ፤ የነዳጁም መተንፈሻ ይዘጋ። ለሰው ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲመጣ ግን ይህ ሁሉ ተራ ይቀርና ገመዱ ወዲያው ይሳብ።

5ኛ፤ ስለ መቅዘፊያው ስለትና ወደ ውሃ ስለ ወደቀ ሰው።
በውሃ ውስጥ የሚሽከረከረው ባለ ሦስት ክንፍ መቅዘፊያ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ቢዞር በአንድ ሰኮንድ 75 ጊዜ ስለቱን ያሳልፋል። ከዚህ የሚያመልጥ እጅ ወይም እግር የለም። በባዶ ማርሽም ሳለ አንዳንድ ጊዜ ቀስ ብሎ ይዞራል። ሰው በቀኝ ቢወድቅ የጀልባዪቱን ፊት ወደ ቀኝ፣ በግራ ቢወድቅ ወደ ግራ ማዞር ይገባል፤ ያን ጊዜ የኋላዋ ክፍል ከሰውየው ይርቃል። ከዚያ በዝግታ ተመልሶ፣ ሳይደርሱበት ሞተሩን ፈጽሞ አጥፍቶ፣ ገመድ ወይም መቅዘፊያ ዘርግቶ ማውጣት ነው። እንዲሁም እምቦጭ የተባለው አረም ወይም የዓሣ መረብ በመቅዘፊያው ቢጠመጠም ሞተሩ ሳይጠፋ፣ ገመዱም ሳይነቀል ማንም እጁን አይስደድ።

6ኛ፤ ስለ ሹማምንት ተግባር።
ጀልባ ያለው ሁሉ ነጂውን ሲቀጥር ስለ ጉልበቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ትዕግሥቱም ይመርምር። ሹሙም ነጂውን በፊቱ አስነሥቶ፣ ማርሽ አስለውጦ፣ አስጠግቶ፣ አስጠፍቶ ይፈትነው። ገመዱን የማያስር ነጂ ሰው አይጫን። ሴቶች ውሃ በሚቀዱበት፣ ልጆችም በሚዋኙበት ዳር ጀልባ እንዳይጠጋ የተለየ ስፍራ ይወሰን፤ በታንኳ የሚሄደውም ሰው በማዕበል እንዳይገለበጥ በአጠገቡ ዝግ ብሎ ማለፍ ይታዘዝ። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይባላል፤ በሐይቅ ላይ የፈሰሰ ግን አይለቀምም።