ፀጉር የማያረግፈው የካንሰር መድኃኒት

እህቶቻችን፣ ከእናንተ መካከል የታመሙ አዛውንቶችን ቀንና ሌሊት የምታስታምሙ ብዙ ናችሁና በዚህ እትም ስለ አንድ የካንሰር ሕክምና እንማማራለን። «ማዳም ካንሰር አለባት ይላሉ፤ በየሦስት ሳምንቱ ሆስፒታል ሄዳ በክንዷ መድኃኒት ይሰጣታል። ታዲያ ፀጉሯ አልረገፈም። በእርግጥ ካንሰር ነው?» ብላ የምትጠይቅ እህት አትጠፋም። አዎ፣ ሊሆን ይችላል።

ኬሞ በፍጥነት የሚባዙ ሕዋሳትን ራሱ ይገድላል፤ ፀጉር የሚረግፈውም የፀጉር ሥር ሕዋሳት አብረው ስለሚጎዱ ነው። ይኸኛው ግን ካንሰሩን ራሱ አይገድልም። በዐረብኛ «ዒላጅ መናዒ» ሲሉ ከሰማችሁ፣ የሰውነትን የመከላከል ኃይል የሚቀሰቅስ ሕክምና ማለታቸው ነው። ዛሬ የምንነግራችሁ ከዚሁ ወገን በብዛት ስለሚታዘዘው ነው።

በደማችን ውስጥ ቲ-ሴል የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት አሉ። እንደ ግቢ ዘበኛ ናቸው፤ ባዕድ ሲያዩ ይመታሉ። ዘበኛ ግን ተው ባይ ከሌለው የቤቱን ልጅ ሳይቀር ይደበድባል። ስለዚህ በቲ-ሴሉ ላይ «ተው!» የሚለውን ትእዛዝ የሚሰሙ፣ እንደ ጆሮ ያሉ ነገሮች ተፈጥረዋል። ሁለቱ ሲቲኤልኤ-4 እና ፒዲ-1 ይባላሉ። ካንሰር ተንኮለኛ ነው፤ ብዙ ጊዜ ራሱ «ተው!» እያለ ዘበኛውን ዱላ ያስጥለዋል። መድኃኒቱ ያንን ጆሮ ይደፍናል፤ ዘበኛውም ዱላውን መልሶ ያነሳል።

ፒዲ-1ን እ.ኤ.አ. በ1992 ያገኙት ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በልጅነቱ እናቱን በካንሰር ያጣው አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን ደግሞ ሲቲኤልኤ-4 ሲዘጋ የአይጦች ዕጢ እንደሚጠፋ በ1996 አሳየ። የመጀመሪያው መድኃኒት በ2011 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ሁለቱ ሰዎችም በ2018 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በ90 ዓመታቸው፣ በ2015፣ የቆዳ ካንሰር ወደ ጉበታቸውና ወደ አንጎላቸው እንደተሠራጨ ተናገሩ። በቀዶ ሕክምና፣ በጨረርና ከእነዚህ መድኃኒቶች በአንዱ ታክመው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የካንሰር ምልክት እንደማይታይባቸው አስታወቁ፤ በ2024 በ100 ዓመታቸው ነው ያረፉት። ይህን ሰምታችሁ ግን ለቤተሰቡ «ትድናለች» ብላችሁ አትማሉ። ብዙ ሕመምተኞችን አይረዳም፤ ለሁሉም ዓይነት ካንሰርም አይሆንም።

አሁን እናንተን ወደሚመለከተው እንምጣ። ተው ባይ ያጣ ዘበኛ የቤት ሰው ሊመታ እንደሚችል ብለናል። ቆዳ ላይ ሽፍታ፣ በአንጀት ቁስለት የተነሳ ተቅማጥ፣ በሳንባ ብግነት የተነሳ ደረቅ ሳልና ትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ከልክ ያለፈ ድካም፣ አልፎ አልፎም የልብ ጉዳት ይመጣል። ይህን ከማንም በፊት የምታዩት እናንተ ናችሁ፤ ሽንት ቤት የምታደርሷትም እናንተ፣ ሌሊት ሳሏን የምትሰሙትም እናንተ።

እዚህ ላይ አንድ ችግር እንዳለ እናውቃለን። ማዳም ሆዷን ሲያማት «ምን አበላሻት?» ተብሎ መጀመሪያ የምትጠየቀው ምግብ የሠራችው ናት። ስለዚህ ፈርታ የምትደብቅ፣ ልብሱንም በዝምታ የምታጥብ አለች። እህቶቻችን፣ ይህን ተቅማጥ አትደብቁ። ከእጃችሁ ምግብ ሳይሆን ከመድኃኒቱ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ቢዘገይ አንጀት እስከ መበሳት ይደርሳል። ከወትሮው በቀን 4 ጊዜና ከዚያ በላይ ከጨመረ፣ ወይም ደም ካለው፣ የዚያኑ ቀን ንገሩ። ተቅማጥ በዐረብኛ «ኢስሃል»፣ የትንፋሽ ማጠር «ዲቅ ነፈስ» ነው። «የካንሰር ሐኪሟን ደውላችሁ ጠይቁ» በሉ። የተቅማጥ ማቆሚያ ክኒን ሐኪም ሳያዝ አትስጡ፤ ምልክቱን ይሸፍናልና። ትንፋሿ ካጠረ ወይም ደረቷን ካመማት ግን ማደር የለም፤ ያኔውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ ኮርቲዞን ያዝዛል፤ ይህም ዘበኛውን ያረጋጋዋል። ሲሻላት «በቃ ድናለች» ብሎ በአንድ ጊዜ ማቆም አይገባም፤ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ይቀነሳል እንጂ።

ይህ ተው ባይ ለሌላም በሽታ ይውላል፤ በተቃራኒው መንገድ። ሰውነት የራሱን መገጣጠሚያ በሚመታበት የሩማቶይድ ሕመም ዘበኛውን የሚያስታግስ አባታሴፕት የተባለ መድኃኒት በ2005 በአሜሪካ ተፈቅዷል። እንዲህ ያለ የቆየ ሕመም ያለበት ሰው የካንሰሩን መድኃኒት ሲወስድ ሊብስበት ስለሚችል፣ ማዳም የድሮ የመገጣጠሚያ ክኒን በመሳቢያዋ ካላት ሐኪሙ እንዲያውቅ ለልጆቿ አስታውሱ።

ካንሰሯ ወደ እናንተ አይተላለፍም። ሆኖም ይህ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ከኬሞ ጋር አብሮ ይሰጣል፤ ስለዚህ ትውከትና ሽንት ስታጸዱ ጓንት አድርጉ፣ ጓንት ከሌለም እንዲገዛላችሁ ጠይቁ። መድኃኒቱ ከቆመ ከወራት በኋላም ሽፍታው፣ ተቅማጡ ወይም ሳሉ ሊነሳ ይችላል፤ ያን ጊዜም «ሕክምናውን እኮ ጨርሳለች» ቢሏችሁ፣ ለሐኪሙ ይነገር በሉ።