ዓይን የማያግዝበት ጨዋታ፦ ከቀርከሃ የሚሠራ የጥንድ መጫወቻ

ዓይነ ስውር ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ኳሱን በፌስታል መጠቅለል በብዙ አገር የታወቀ ዘዴ ነው፤ ፌስታሉ ሲንኮሻኮሽ ኳሱ በየት በኩል እንዳለ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1946 ኦስትሪያዊው ሃንስ ሎሬንዘን እና ጀርመናዊው ሴፕ ራይንድል በጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች የፈጠሩት ጎልቦልም ኳሱ ውስጥ ቃጭል አለው። በዚህ ጨዋታ የተጫዋቾቹ የማየት አቅም ስለሚለያይ ሁሉም ዓይናቸውን ይሸፍናሉ። በመጠኑ የሚያየው ጭራሽ ከማያየው ብልጫ አያገኝም።

መጫወቻ ሠሪ ሊይዘው የሚገባው ይህንን ነው። ድምፅ የሌለው ዕቃ ከዓይነ ስውር ልጅ እጅ ካመለጠ ጠፋ ማለት ነው፤ የሚያየው ጓደኛ ፈልጎ ያቀብለዋል፣ ደግሞ ያቀብለዋል፣ በመጨረሻ ይሰለቻል። ስለዚህ የጋራ መጫወቻ ሁለት ነገር ያሟላ፦ አንድ ልጅ ብቻውን የማይጫወተው፣ ማየትም የማያግዝበት ይሁን።

ገበጣ በእጅ እየተዳሰሰ የሚጫወቱት ነው። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በርካታ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል። ነገር ግን ገበጣ መሸናነፊያ ነው። ከዚህ በታች የቀረበው መጫወቻ ግን ሁለት ልጆች አብረው የሚያሸንፉበት ወይም አብረው የሚሸነፉበት ነው።

የመጫወቻው ዋና ዕቃ ቀርከሃ ነው፤ ከፋ ዞን ውስጥ ይህ ሩቅ አይደለም፤ በአዲዮ ደጋ የቀርከሃ ደን አለ። ከቀርከሃው ሌላ አንድ ብይ፣ የቃጫ ገመድ፣ ባዶ ጣሳ፣ ቢላዋ፣ መሮ፣ መሰርሰሪያ ወይም የሚግል ብረት እና ብርጭቆ ወረቀት ያስፈልጋል።

1. ቀርከሃውን መምረጥ። ሦስት ዓመት የሞላው ይሻላል፤ ለጋው ሲደርቅ ይሟሽሻል፣ ይሰነጠቃል። ከ80 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር የሚረዝም፣ ውስጡ ሦስት ጣት የሚያስገባ ይሁን። ሁለቱም ጫፍ በአንጓ እንዲዘጋ ከአንጓው አለፍ ብሎ ይቆረጥና ጥላ ውስጥ ይድረቅ።

2. ለሁለት መሰንጠቅ። ከጫፍ ቢላዋ ተክሎ እየመቱ ቁልቁል መሰንጠቅ ነው። አስቀድሞ በሁለቱም ግማሾች ላይ የሚያልፍ ምልክት ከተደረገ፣ ሲገጠሙ አይዛነፉም። የተሰነጠቀ ቀርከሃ ጠርዙ እጅ ይቆርጣልና ወዲያው በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፈግ።

3. ውስጡን መጥረግ። የጫፎቹ አንጓዎች ይቀመጡ፤ የመሀሎቹ በመሮ ይነሱ። ግን ሙልጭ አይደረጉ። ስስ ጠርዝ ከቀረ ብዩ ባለፈበት ቁጥር «ጠቅ» ይላል፤ ልጆቹም የት እንደደረሰ በዚያ ያውቃሉ። ጠርዙ ብዩን የሚያስቆም ከሆነ ዝቅ ይደረግ።

4. ቀዳዳ ማውጣት። በአንደኛው ግማሽ መሀል ላይ፣ ከብዩ ጥቂት የሰፋ ቀዳዳ በጋለ ብረት ወይም በመሰርሰሪያ ይበሳል። ለ1.5 ሳንቲ ሜትር ብይ 2 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ ከዚያ ከሰፋ ጨዋታው ይቀላል።

5. ከማሰር በፊት ማስዳሰስ። ሁለቱ ግማሾች ክፍት ሳሉ ዓይነ ስውሩ ልጅ ውስጡን ይዳስስ፣ ብዩን ያንከባልል። እጁን ይዞ ከመጎተት ይልቅ አሳዩ እጁን ከሥር አድርጎ የልጁ እጅ ከላይ ቢያርፍ ልጁ በራሱ ፍጥነት ይከተላል።

6. መግጠምና ማሰር። ብዩ ውስጥ ሆኖ ግማሾቹ ተገጥመው ሦስት ቦታ ላይ በቃጫ ጠበቅ ተደርገው ይታሰራሉ። የመሀሉ ማሰሪያ ቀዳዳውን አይሸፍን፤ ቋጠሮው ከቀዳዳው ተቃራኒ ይዋል፣ የላዩን ወገን ያመለክታል። አንዱ ጫፍ ቃጫ ይጠቅለልበት፣ ሌላው ባዶውን ይቅር፤ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ወገን ይለያል። ጣሳው ከቀዳዳው ሥር ይንጠልጠል።

አጨዋወቱ ይህ ነው። ሁለቱ ልጆች ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ቀዳዳውን ወደ ታች አድርገው፣ አንድ አንድ ጫፍ ይይዛሉ። አንዱ ከፍ ሲያደርግ ብዩ ወደ ሌላው ይሮጣል፤ ከፈጠነ ቀዳዳውን ዘሎ ያልፋል። ጣሳው ውስጥ የሚወድቀው ሁለቱም አብረው ሲያዘገዩት ብቻ ነው። ብዩ ስለተሸፈነ የሚያየውም ልጅ ማዳመጥ አለበት፤ «ቀስ»፣ «ዝቅ አድርግ»፣ «ወደ እኔ መጣ» እየተባባሉ ይግባባሉ። ብዩ ሲወድቅ ቀዳዳውን ወደ ላይ አዙረው፣ በጣት ፈልገው መልሰው ይከቱታል።

የመጀመሪያው ሙከራ ጸጥ ባለ ቦታ ይሁን። የከፋ ዞኗ ቦንጋ ዝናብ የሚበዛባት ከተማ ናት፤ ዝናቡ ቆርቆሮ ጣሪያ ሲመታ «ጠቅታው» አይሰማም። ልጆቹ ከለመዱት በኋላ ግን የብዩን ክብደት በመዳፋቸው መከታተል ስለሚጀምሩ ዝናቡ ጨዋታውን ከባድ ያደርገዋል እንጂ አያስቆመውም።

ብይ ሊያንቅ ስለሚችል ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይሰጥም። ለእነሱ ቀዳዳ የሌለው ቀርከሃ ውስጥ አንድ እፍኝ ጀንፈል ቡና ጨምሮ አጥብቆ ማሰር ይቻላል፤ ሁለት ሆነው ሲያወዛውዙት ይንሿሿል። የጉሎ ፍሬ ግን መርዛማ ነውና አይጨመር። ማሰሪያው በየሳምንቱ ይፈተሽ፤ ከላላ ይጥበቅ፣ ቀርከሃው ከተሰነጠቀ ይቀየር።