ለክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና የሚደረግ ቅድመ ዝግጅት፦ ከደገሀቡር ለሚነሣ ታካሚ የቀጠሮዎች ቅደም ተከተል

መግቢያ

በድርቅ ተደጋግሞ በሚጎዳው የሶማሌ ክልል የምግብ እጥረት የጤና ውይይት ቀዳሚ ርዕስ መሆኑ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባው በታች ቀጫጭን፣ 8 በመቶው ደግሞ ከሚገባው በላይ ክብደት ያላቸው መሆናቸውን አሳይቷል። ሁለቱ ችግሮች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ከመጠን ያለፈ ውፍረትም በይበልጥ የሚታየው በከተሞች ነው።

በጀረር ዞን ደገሀቡር የሚኖር ታካሚ ክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ሲያስብ ጉዞው ወደ ጅግጅጋ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ውጭ አገር ይሆናል። ሐኪሙ ሩቅ በመሆኑ ዝግጅቱ ሁሉ እዚያው ሩቅ የሚከናወን ይመስላል። ይህ ጽሑፍ ግን ከዝግጅቱ አብዛኛው በመኖሪያ ከተማ መጀመር እንደሚችል፣ ረጅም ጊዜ የሚጠይቀው ሥራም መቅደም እንዳለበት ያሳያል።

ለቀዶ ሕክምናው ብቁ የሚሆነው ማን ነው?

መለኪያው ክብደት በኪሎ ግራም ለቁመት በሜትር ካሬ ሲካፈል የሚገኘው ምጣኔ ነው። ቁመቷ 1.60 ሜትር፣ ክብደቷ 90 ኪሎ ግራም የሆነች ሴት ምጣኔዋ 35 ያህል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ የወጣው የስምምነት ሰነድ ምጣኔያቸው 40 እና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ወይም 35 ሆኖ እንደ ስኳር ሕመም ያለ ተጓዳኝ በሽታ ላለባቸው ቀዶ ሕክምናውን ፈቅዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ሁለት የሙያ ማኅበራት በጋራ ያወጡት መመሪያ ወሰኑን ዝቅ በማድረግ ከ35 ጀምሮ ያለ ተጓዳኝ በሽታም እንዲመከር፣ ከ30 ጀምሮ ደግሞ እንደ ስኳር ሕመም ያሉ የሜታቦሊዝም በሽታዎች ላሉባቸው እንዲታሰብ አድርጓል።

የመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች፦ በደገሀቡር

የክብደት፣ የቁመትና የደም ግፊት ልኬት፣ እንዲሁም ታካሚው የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ከፍተኛ መሣሪያ አይጠይቁም። በእንቅልፍ ጊዜ የሚከሰት የትንፋሽ መቆራረጥም በመጀመሪያ ደረጃ የሚለየው በስምንት ነጥቦች መጠይቅ ነው፤ ከጥያቄዎቹ በተጨማሪ የሚያስፈልገው የአንገትን ዙሪያ የሚለካ ሜትር ብቻ ነው። ውጤቱ ለሰመመን ሰጪው ባለሙያ እጅግ አስፈላጊ ነው።

ከሁሉ በፊት መጀመር ያለበት የደም ማነስ ምርመራ ነው። ከላይ የተጠቀሰው ጥናት የደም ማነስ ያለባቸው ሴቶች በአገር አቀፍ ደረጃ 24 በመቶ፣ በሶማሌ ክልል ግን 60 በመቶ ገደማ መሆናቸውን መዝግቧል፤ ይህም ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። ውፍረት የብረት እጥረት አለመኖሩን አያረጋግጥም። ብረት በዋናነት የሚመጠጠው በትንሹ አንጀት የመጀመሪያ ክፍል ነው፤ ምግብ ይህን ክፍል እንዲዘልል የሚያደርገው የቀዶ ሕክምና ዓይነት እጥረቱን ያባብሰዋል። የብረት ክምችትን መሙላት ወራት ስለሚወስድ ሥራውን ለመጨረሻው ሳምንት መተው አይቻልም።

ሲጋራ የሚያጨስ ቢያንስ ስድስት ሳምንት አስቀድሞ ማቆም ይኖርበታል። ጫትም በግልጽ መነሣት አለበት። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ስለሚጨምር ሰመመን ሰጪው ሊያውቀው ይገባል። ባለሙያው በነቀፌታ ከጠየቀ እውነቱን አያገኝም።

ሁለተኛው ደረጃ፦ በጅግጅጋ

እንደ ካራማራ ሆስፒታልና የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ሼክ ሐሰን የበሬ ሆስፒታል ያሉት ተቋማት በክልሉ የሪፈር ሰንሰለት ውስጥ ከፍ ያለውን ቦታ ይይዛሉ። የስኳር ሕመምና የደም ግፊት ቁጥጥር፣ የልብ፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ፣ የሚገኝ ከሆነም የጨጓራ ኢንዶስኮፒ በዚህ ደረጃ ቢጠናቀቁ ይመረጣል። የጨጓራ ባክቴሪያ ከተገኘ መታከም አለበት፤ መዳኑን የሚያረጋግጠው ምርመራም አንቲባዮቲኩ ካለቀ አራት ሳምንት በኋላ ስለሚደረግ ይህ ብቻውን ስድስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል።

ለመውለድ ዕድሜ ላይ ላለች ሴት የእርግዝና ጉዳይ ራሱን የቻለ ቀጠሮ ይገባዋል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝናን ማዘግየት ይመከራል። ክብደት ሲቀንስ የመፀነስ ዕድል ይጨምራል፤ የሚዋጥ መከላከያ ደግሞ በአግባቡ ላይመጠጥ ስለሚችል ሌላ ዘዴ ይመረጣል። ብዙ ልጅ መውለድ በሚከበርበት ማኅበረሰብ ይህ ውሳኔ ባልን ሳያካትት አይጸናም።

የመጨረሻዎቹ ሳምንታትና የምግብ ልማድ

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ኃይል ሰጪነቱ የቀነሰ ምግብ ይታዘዛል። ዓላማው ጨጓራውን የሚሸፍነውን የጉበት ክፍል ማሳነስና ለሐኪሙ መንገድ መክፈት ነው። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ታካሚ በዚህ ወቅት መጠኑ ካልተስተካከለ የደም ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል።

የሥነ ምግብ ምክሩ ከአካባቢው ማዕድ መነሣት አለበት። ስኳር የበዛበት የወተት ሻይና ለስላሳ መጠጥ የጠበበውን ጨጓራ ያለ ችግር ያልፋሉ፤ ቀዶ ሕክምናው አይከላከላቸውም። ከአንድ ሳህን አብሮ የሚበላ ቤተሰብም የታካሚው ድርሻ ለምን እንዳነሰ አስቀድሞ ሊረዳ ይገባል። የቀዶ ሕክምናው ቀን ከረመዳን ጋር መገናዘቡም ያስፈልጋል። አዲስ የታከመ ሰው ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት መጠጣት አለበት፤ በሞቃት አየር ፈሳሽ ማጣት ፈጥኖ ይጎዳዋል። እስልምና ሕመምተኛ ጾሙን ወደ ሌላ ጊዜ እንዲያስተላልፍ ስለሚፈቅድ ታካሚው ከሃይማኖት መምህሩ ጋር አስቀድሞ ቢነጋገር መልካም ነው።

ከመሄድ በፊት የመመለሻ ዝግጅት

ከሁሉ ይበልጥ የሚዘነጋው ቀጠሮ ታካሚው ከመነሣቱ በፊት ሲመለስ ከሚቀበለው የጤና ባለሙያ ጋር የሚያደርገው ነው። የቫይታሚን ቢ1 ክምችት በሰውነት ውስጥ የሚቆየው ለሁለትና ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ትውከት የጸናበት ሰው ወደ ቅርብ ጤና ተቋም ሲመጣ የተለመደው እርዳታ ግሉኮስ በደም ሥር መስጠት ነው። ቫይታሚኑ ሳይቀድም ግሉኮስ ከተሰጠ ግን አእምሮን የሚያስትና የዓይንና የአካሄድ ሚዛንን የሚያዛባ የአንጎል ጉዳት ሊከተል ይችላል። የልብ ምት መፍጠን፣ ትኩሳትና የሆድ ሕመምም ከስፌቱ ፈሳሽ መውጣቱን ሊያመለክቱ ስለሚችሉ አስቸኳይ ሪፈር ይጠይቃሉ። ስለዚህ ታካሚው የቀዶ ሕክምናውን ዓይነት፣ እነዚህን ምልክቶችና የሐኪሙን ስልክ የያዘ ወረቀት ይዞ መመለስ አለበት፤ ቤተሰቡም ይዘቱን በሶማሊኛ ሊረዳው ይገባል።

ማጠቃለያ

ዝግጅቱ በሚወስደው ጊዜ ልክ ሲደረደር የደም ማነስ ሕክምና፣ ሲጋራ ማቆምና የባክቴሪያ ሕክምና ይቀድማሉ፤ የጉበት ማሳነሻ ምግብ ይከተላል። ታካሚው ተዘጋጅቷል የሚባለው ምርመራዎቹ ሲያልቁና በደገሀቡር የሚቀበለው ባለሙያ ምን እንደተደረገለት፣ ምን እንደሚያሰጋው ሲያውቅ ነው። ይህ ባልተሟላበት ሁኔታ የጉዞ ትኬት መቁረጥ ይዘግይ።